ጌም ቤት ከመዝጋት ጌም መሥራትን ማስተማር ይሻላል

መስከረም በጠባ ቁጥር በየከተማው የሚነሳ ክርክር አለ፤ በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ያሉ «አዋኪ» ቤቶች ይዘጉ የሚል። ሺሻ ቤትና ጫት ቤት በሚጠሩበት ዝርዝር ውስጥ ፑል ቤቱ፣ ጆተኒውና ፕሌይስቴሽን ቤቱም አብረው ይገባሉ። ወላጅ ልጄ ጊዜውንም ገንዘቡንም እዚያ ጨረሰ ይላል። ባለቤቱ ደግሞ ልጆቹን በግድ አልጠራኋቸው፣ ሌላ መዋያ ስላጡ ነው የሚመጡት ይላል። አምቦም ሆነች ጊንጪ፣ ጉደርም ሆነች ጌዶ ከዚህ ክርክር አያመልጡም። ከሳሽም ተከሳሽም ግን ሳይነጋገሩ የተስማሙበት አንድ ነገር አለ፦ ልጁ ተጫዋች ነው፣ ተጫዋች ማለትም ከፋይ ነው። ጌሙን የሠራው ሰው ማን እንደሆነ፣ ያ ሰው ከዚህ ልጅ የተለየ ምን እንደነበረው የሚጠይቅ የለም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ወጣቶች ትንሽ ጌም ሠርተው መጨረስን መማር አለባቸው፤ ለዚህ የሚሆነው ምርጥ መማሪያም ዛሬ ስክሪኑን የሞላው የእግር ኳስ ጌም ሳይሆን፣ ከ30 ዓመት በፊት ተሠርቶ የተረሳ፣ ከታች ወደ ላይ የሚጓዝ የተኩስ ጌም ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጌም አሠራር በአንድ ትንፋሽ ይነገራል። ስክሪኑ እንደ መንገድ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ተጫዋቹ ከግርጌ ባለች አንዲት አውሮፕላን ውስጥ ነው፤ ጠላትና ጥይት ከላይ ይወርዳሉ። ማምለጥ፣ ማነጣጠር፣ ወደ ፊት መሄድ፤ ሌላ ሕግ የለውም። ዘሩ የሚቆጠረው ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ካወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ነው። በ1980ዎቹ ይህን ዓይነት በመሥራት ስም ካወጡት አንዱ ቶአፕላን የተባለ አነስተኛ የቶኪዮ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ቶአፕላን «ባትሱገን» የተባለ ጌም አወጣ። አውሮፕላኗ ነጥብ ባጠራቀመች ቁጥር ኃይሏ በደረጃ ያድጋል፤ ከላይ የሚወርደው ጥይትም ከዚያ በፊት ባልተለመደ ብዛት፣ እንደ ጥልፍ ንድፍ እየተዘረጋ ስክሪኑን ይሞላል። ዛሬ የዘርፉን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች «የጥይት ዶፍ» ሊባል ለሚችለው አጠቃላይ ዘውግ መነሻ ብለው ከሚጠቅሷቸው ጥቂት ጌሞች አንዱ ይህ ነው። በወጣበት ጊዜ ግን እምብዛም ልብ ያለው አልነበረም።

ያልታየበት ምክንያት ጌሙ ደካማ ስለነበረ አይደለም፤ የዘመኑ ዓይን ሌላ ቦታ ስለነበረ ነው። ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው «ስትሪት ፋይተር 2» የጃፓንን የጌም አዳራሾች ገበያ ወደ ድብድብ ጌም አዙሮት ነበር። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚፋለምበት ማሽን፣ አንድ ሰው ብቻውን ከሚታገልበት ማሽን ይልቅ ብዙ ሳንቲም ይሰበስባል። ቶአፕላን በመጋቢት 1994 እ.ኤ.አ. ከሰረ። የታሪኩ መጨረሻ ይህ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከኩባንያው የወጡ ባለሙያዎች ኬቭ፣ ጋዜል፣ ታኩሚና ራይዚንግ በተባሉ ትናንሽ ድርጅቶች ተበተኑ። በ«ባትሱገን» ሥራ ላይ ከተሳተፉት አንዱ ጹኔኪ ኢኬዳ በኬቭ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1995 «ዶንፓቺ»ን ከባልደረቦቹ ጋር ሠራ፤ ዘውጉም በዚያ መንገድ ሥር ሰደደ። ማሽኑ ተሸጦ አላዋጣም፣ ኩባንያው ፈርሷል፣ ሙያው ግን በሰዎቹ እጅ ተርፏል። ስለ ምዕራብ ሸዋ ሲታሰብም መያዝ ያለበት ይህ ነው። የመጀመሪያው ጌም ተሸጠ አልተሸጠ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ሠርቶ የጨረሰ ሰው ስንት ቀረ የሚለው ነው።

ለምን ይህ ዓይነት ጌም መማሪያ ይሆናል ቢባል መልሱ መጠኑ ነው። «ባትሱገን» ይሮጥ የነበረው ሞቶሮላ 68000 በተባለ፣ በ16 ሜጋኸርዝ በሚሠራ አንጎለ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ስክሪኑ በአግድም 240፣ በቁመት 320 ነጥብ ብቻ ነበር። ሥዕሉ፣ ድምፁና ኮዱ ተደምሮ ከአሥር ሜጋባይት አይበልጥም። ዛሬ በፕሌይስቴሽን ቤት የሚታየው የእግር ኳስ ጌም በአንጻሩ በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚደክሙበት፣ የተጫዋቾች ስምና መልክ በውል የሚገዛበት ፋብሪካ ነው። አንድ የአምቦ ተማሪ ያን ጌም አይቶ «እኔም እሠራለሁ» ቢል ጓደኞቹ መሳቃቸው አይቀርም፤ ፍርዳቸውም ልክ ነው። ቶአፕላንን የመሰለውን ግን መመኘት ይቻላል። የኩባንያው ሰው ማሳሂሮ ዩጌ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን «ታጹጂን» ሲሠራ ኮዱንም ሙዚቃውንም የጻፈ ነው። አንድ ሰው በሁለት እጁ የሚይዘው ሥራ ነው ማለት ነው። ሸማ ሠሪን ማሠልጠን የሚጀመረው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሳይሆን ከአንድ ጋቢ ነው።

ከመጠኑ ሌላ ደግሞ ትምህርቱ አለ። ጥይት በስክሪን ላይ እንዲሄድ ከተፈለገ የሚያስፈልገው ተማሪው በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የሚያውቀው ነገር ነው፦ አቀማመጥ ሲደመር ፍጥነት፣ በሰከንድ 60 ያህል ጊዜ። ጥይቱ ወደ ተጫዋቹ እንዲያነጣጥር ከተፈለገ ቬክተር ይመጣል፤ እንደ አበባ በክብ እንዲዘረጋ ከተፈለገ ሳይንና ኮሳይን ይመጣሉ። ጥይቷ አውሮፕላኗን መታች ወይስ አልመታችም የሚለው ደግሞ ሁለት አራት ማዕዘኖች ተነካኩ ወይስ አልተነካኩም የሚል የሒሳብ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ዘውጉ ራሱ ያገኘው አንድ ብልሃት አለ። አውሮፕላኗ በዓይን ትልቅ ብትታይም በእርግጥ የምትመታው የመሐሏ ትንሽ ነጥብ ብቻ ነው። ቶአፕላን ለ«ባትሱገን» ባዘጋጀው ልዩ እትም ይህችን ነጥብ ይበልጥ አሳንሷታል፤ ተጫዋቹ በጥይት ዶፍ መካከል እየሾለከ ሲያልፍ ከአቅሙ በላይ የሠራ ይመስለዋል። ይህ ፍርድ ነው፤ ምን ያህል ማስፈራት፣ ምን ያህል ማዘን እንዳለበት ሠሪው ይወስናል። ሳይንና ኮሳይንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለምን እንደሚማር ያልገባው ተማሪ፣ እዚህ ሲደርስ የሚጠይቀው ራሱ ነው።

ይህ ሁሉ በምዕራብ ሸዋ ይቻላል ወይ ለሚለው፣ መሠረቱ ከሞላ ጎደል አለ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው አምቦ የዞኑ ዋና ከተማ ናት፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲም ሥሩ በ1939 ዓ.ም. ከተቋቋመው የግብርና ትምህርት ቤት የሚመዘዝ፣ ዛሬ በሀጫሉ ሁንዴሳ ካምፓሱ የቴክኖሎጂ ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ነው። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በይፋ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ደግሞ በነፃ ከሚያስተምራቸው አንዱ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ነው። የጎደለው በትምህርቱና በሥራው መካከል ያለው ድልድይ ነው። ምስክር ወረቀት የያዘ ወጣት ብዙ ነው፤ ሌላ ሰው ከፍቶ የሚጠቀምበት ነገር ጨርሶ ያስረከበ ግን ጥቂት ነው። ትንሽ ጌም ለዚህ ድልድይ የሚመጥነው ማጭበርበር ስለማይቻልበት ነው። ሪፖርት የሚመስል ሪፖርት ጽፎ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ የማይጫወቱት ጌም ግን ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ይታወቃል። ኢንተርኔትንም አይለምንም። ካምፓሱ በስሙ የተሰየመለት ድምፃዊ ሀጫሉ በተገደለ ማግሥት፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ በኔትወርክ ላይ የቆመ ሥራ ሁሉ አብሮ ቆሟል። በስልክ ውስጥ የሚያድር፣ ከጓደኛ ስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ አነስተኛ ጌም ግን ዳታም ፓኬጅም አይጠይቅም። ቃልም አያበዛም፤ ምናሌው በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ፣ በአማርኛ ቢጨመር፣ አሥር ቃል አይሞላም።

እዚህ ላይ ነው ጌም ቤቱ ከተከሳሽነት ወደ አጋርነት የሚዞረው። በጃፓን አንድ አዲስ ማሽን ከመመረቱ በፊት ናሙናው በአንድ የጌም አዳራሽ ይቀመጥና ሠሪዎቹ ከኋላ ቆመው ያያሉ፤ ማን ሳንቲም ጨመረ፣ ማን በሁለተኛው ደረጃ ተናዶ ተነሳ፣ ማን ደገመ። የ«ባትሱገን» ልዩ እትም ራሱ ለሙከራ ቀርቦ ኩባንያው ሲዘጋ በይፋ ሳይሰራጭ የቀረ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ጋዜል ሴጋ ሳተርን ለተባለው የቤት ውስጥ የጌም መጫወቻ ባዘጋጀው እትም ውስጥ ወደየቤቱ የገባ ነው። ለሠሪ ከዚህ የጠራ ፈተና የለም፤ ዳኛው አያውቀውም፣ አይራራለትም፣ በኪሱ ያለውን ገንዘብ ነው የሚያወጣው። በጊንጪ ወይም በጉደር አንድ ጌም ቤት ውስጥ፣ ከፕሌይስቴሽኖቹ ጎን አንድ ስክሪን ለአካባቢው ተማሪዎች ሥራ ቢለቀቅ፣ ባለቤቱ የሚያጣው ከአንድ ወንበር ቦታ አይበልጥም። ተማሪው የሚያገኘው ግን የትኛውም ላቦራቶሪ የማይሰጠውን ነው። ወረፋ የሚጠብቀው ልጅ ጌሙን ትቶ ወደ ጆተኒው ከሄደ ፈተናው ተመለሰ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከወላጅ ይመጣል፦ ጌም ጊዜ ይበላል፤ አሁን ደግሞ ጌም መሥራትን በትምህርት ስም ልታስገቡ ነው? ጭንቀቱ የሚናቅ አይደለም። ግን ሳንቲሙ ምን እንደሚገዛ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በጃፓን አዳራሽ 100 የን የጨመረ ተጫዋች ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስነው ችሎታው ነው፤ በተለማመደ ቁጥር ያችው ሳንቲም ረዘም ያለ ጊዜ ትገዛለች። በየከተማው የተስፋፋው የስፖርት ውርርድ ግን የሚሸጠው ዕድልን ነው፤ የቱንም ያህል ቢደጋገም እጅ አይሠለጥንበትም። ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ከትቶ መዝጋት ክፉውን ከደጉ አለመለየት ነው። ደግሞም የመጫወቻ ቦታ በዚህ አካባቢ ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ለተነሳው ተቃውሞ መነሻ ተብለው ከተዘገቡት መካከል ከጭልሞ ደን ጋር የወጣቶች መጫወቻ ሜዳ ጉዳይ ነበር። ልጅ መዋያ ሲያጣ የሚሆነውን ይህ አገር ያውቃል። ጌም ቤቱ ቢዘጋ ልጁ ወደ መጽሐፍ ይሄዳል የሚለው ተስፋ ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት በሆነበት ከተማ ብቻ ይሠራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ምዕራብ ሸዋ የጥይት ድምፅ በፊልም ብቻ የሚሰማበት ቦታ አይደለም፤ በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል የቆየው ግጭት በብዙ ቤት ደጃፍ አልፏል። እንዲህ ባለ ቦታ ልጆችን ተኩስ ጌም ሥሩ ማለት ደግ ነገር ነው? ተቃውሞው ግማሹ እውነት ስለሆነ ግማሹን መቀበል ይገባል፤ አውሮፕላንና ቦምብ በዚህ አካባቢ ለጌም መልክ አይሆኑም። ዘውጉ የሚፈልገው ግን ጥይትን አይደለም፤ ከላይ የሚመጣ ብዙ ነገርን፣ ከታች የሚጠብቅ አንድ ሰውን ነው። ይህን ስዕል ደግሞ ከጃፓን መዋስ አያስፈልግም። ማሽላና በቆሎ በሚዘራበት በባኮ ቆላ፣ ሰብሉ ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ የታወቀ ነው። ግሪሳው በመንጋ ይወርዳል፣ ዝንጀሮው በጥሻ ይመጣል፣ ልጁ ወንጭፉን እያፏጨ አንዱን ሲመልስ ሌላው በጎን ይገባል። የመንጋው አመጣጥ ንድፍ አለው፣ የድንጋዩ ብዛት የተወሰነ ነው፣ የሰብሉ ጉዳት ነጥብ ነው። «ስፔስ ኢንቬደርስ» ሳይፈጠር ማማው ላይ ያለው ልጅ ሕጉን ያውቀው ነበር። በጌሙ ውስጥ መግደል አያስፈልግም፤ ወፏ ትባረራለች እንጂ አትሞትም። በደጋው ጀልዱ ደግሞ ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መተኮስ ጨርሶ ይቀርና ማምለጥና መሸፈን ብቻ ይቀራሉ። የዘውጉ ዋና ጥበብ ደግሞ ድሮም ማምለጥ ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ገበያውን ይጠቅሳል፦ ይህን የመሰለ ያረጀ ጌም ማን ይገዛል? በመጀመሪያ፣ ዕድሜው ያረጀው መልኩ እንጂ ሕጉ አይደለም፤ ገበጣ ከዚህ ሁሉ እጅግ ያረጀ ሆኖ ዛሬም ይጫወቱታል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት የገበጣን ዓይነቶች ከመላ ኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ሲሰበስብ፣ አንድ ጨዋታ በየአካባቢው ምን ያህል ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ አሳይቷል። ሁለተኛ፣ ከአገር ውስጥ የተነሳ ምሳሌ አለ። በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለ ጌም ለስልክ አውጥቷል፤ ዶሮ እየሮጠች የምታመልጥበት፣ ስሙም ልጅ ሁሉ ከሚያውቀው የድብብቆሽ ጥሪ የተወሰደ ነው። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቷል። ሁለቱም ሥራዎች ትንንሽ ናቸው፤ መነሻቸውም ለአገሩ ተጫዋች እንግዳ አይደለም። ይህን ስል አምቦ በጌም ሽያጭ ትበለጽጋለች ማለቴ አይደለም። አብዛኛው የተማሪ ሥራ አንድ ብር ሳያስገባ ይረሳል፤ «ባትሱገን»ም ተረስቶ ነበር። ጌም የሠራ ወጣት ግን የባንክ መተግበሪያ፣ የእርሻ ምክር አገልግሎት፣ የትምህርት ቤት ውጤት መመዝገቢያ ሲታዘዝ የሚያስፈልገውን ይዞ ይሄዳል፤ ተጠቃሚው የት ላይ እንደሚደናገር በዓይኑ አይቷልና።

ኮዱን ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፈው የለም ወይ የሚልም አይጠፋም። ይጽፋል፤ መሣሪያው ሥራውን ካቀለለ ደግሞ እሰየው። ግሪሳው በስንት ሰከንድ ልዩነት ቢወርድ ልጁ ተስፋ ሳይቆርጥ እንደሚፈራ ግን ኮዱ አያውቅም፤ ያ የሚታወቀው በጌም ቤቱ ወንበር ጀርባ ቆሞ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መዝጋት ወይስ መክፈት መሆኑ ይቅርና ወደሚሠራ ነገር እንምጣ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ላይ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለአንድ መንፈቅ ዓመት ውድድር ይጥራ። ደንቡ ጥብቅ ይሁን፦ ጌሙ በአንድ ጣት የሚጫወቱት፣ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ፣ ከ50 ሜጋባይት የማይበልጥ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ። መሥሪያው እንደ ጎዶት ያለ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ስለሆነ ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም፤ የሌላውን ሥዕልና ሙዚቃ መገልበጥ ግን ክልክል ይሁን፤ የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃልና ተማሪው ይህን ከመነሻው ይወቅ። ዳኝነቱን ለባለሥልጣናት መድረክ ከመስጠት በየከተማው ፈቃደኛ ለሆኑ ጌም ቤቶች መስጠት ይሻላል፤ ሥራዎቹ ለሁለት ሳምንት ይቀመጡ፣ ስንት ሰው ጀመረ፣ ስንት ሰው ደገመ ይቆጠር። የከተማ አስተዳደሩ ድርሻም ቀላል ነው፦ ይህን ስክሪን ያስቀመጠ፣ የትምህርት ሰዓት ያከበረ፣ ውርርድ ያላስገባ ጌም ቤት ከ«አዋኪ» ዝርዝር ይውጣ። በቀጣዩ መስከረም ክርክሩ እንደገና ሲነሳ፣ ወላጅ ለጌም ቤቱ ባለቤት የሚያቀርበው ጥያቄ ልጄ ስንት ብር ከፈለ ብቻ አይሆንም፤ ልጄ የሠራውን ስንት ሰው ደገመው የሚልም ይጨመርበታል።